ሁለተኛ አንባቢ

«‹ከዝንጀሮ አልመጣሁም እንዳለ፣ በአቋሙ ጸንቶ ያረፈ› ብለሽ ጻፊ» አሉ አጎቷ። «እንዲያውም መጀመሪያ ላይ አድርጊው። ከተወለደበት ዓመት በፊት።»

መምህርቷ ብዕሯን ከወረቀቱ ላይ አነሳች።

«አጎቴ፣ ሰው ሳይወለድ በምን ላይ ይጸናል?»

«እሱ ይችላል። ወንድሜን አታውቂውም እንዴ?»

የሐዘኑ ሦስተኛ ቀን ጠዋት ነው፤ ሳሎኑ በተውሶ ወንበር ተሞልቷል። በሰባተኛው ቀን ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ የሟች የሕይወት ታሪክ ይነበባል ተብሏል። የምትጽፈውም የምታነበውም እሷ ናት። ይህ የሆነው የተማረች ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ሌሎቹ ሁሉ «እሷ የተማረች ናት» እያሉ ስለሸሹ ነው። እስካሁን አራት መስመር ወጥቷታል፦ አባቷ መቼ እንደተወለደ፣ የት እንደተማረ፣ በሆስፒታሉ ላብራቶሪ ሠላሳ አንድ ዓመት እንደሠራ፣ ያንኑ ላብራቶሪ አሥራ ሁለት ዓመት እንደመራ። አምስተኛው መስመር «የሳይንስ ሰው» ይልና እዚያው ቀጥ ይላል። ከዚያ ወዲያ እጇ አልታዘዝ ብሏታል። ከአራት ዓመት በፊት፣ በዚሁ ሳሎን፣ ይኸው ጠረጴዛ ፊት ቁጭ ብላ «አንተ የሳይንስ ጠላት ነህ» ያለችው ራሷ ናት። ቃሏን አላነሳችም፤ እሱም አንሺልኝ አላላትም።

«ስትጨርሺ አሳዪኝ» አሉ አጎቷ። ዕድሜያቸውን አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ዛሬም ሲናገሩ፣ የኋላ መስታወት እንዳለ ሁሉ ዓይናቸውን አንዴ ወደ ላይ ጣል ያደርጋሉ።

እንግዳ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ በረዥሙ ይተነፍሳል፣ «እንዴት ሆነ?» ይላል። እናቷ ታሪኩን ከሃያ ጊዜ በላይ ተናግራዋለች። አንድ ቃል አይጨመርበትም፣ አንድ ቃል አይቀነስበትም፦ በምሳ ሰዓት፣ ላብራቶሪው ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ልቡ። «አልወደቀም እንኳ» ትላለች መጨረሻ ላይ፣ አለመውደቅ ሙያ የሆነ ይመስል።

ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤቷ ሰዎች መጡ። የክፍል ኃላፊዋ ሻዩን ይዞ በሩ አጠገብ ከአንድ መምህር ጋር ጎን ለጎን ተቀመጠና፣ ሐዘን ቤት እንደሚወራው አፉን ሳይከፍት ማውራት ጀመረ።

«ደግ ሰው ነበሩ ይላሉ። ግን በዝግመተ ለውጥ አያምኑም ነበር።»

«ላብራቶሪ እየመሩ?»

«ላብራቶሪ እየመሩ! የልብ ሐኪም ሆኖ ደም ይዘዋወራል መባሉን አላምንም እንደማለት ነው እኮ።»

መምህርቷ ብርጭቆ ለመሰብሰብ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። አነጋገሩ አልነበረም ያስደነገጣት። አነጋገሩ የራሷ ነው፤ ካቻምና መምህራን ማረፊያ ውስጥ እንዲሁ ቃል በቃል ተናግራ አስቃበታለች። ሰውየው የወሰደው ከእሷ ነው፣ ምንጩን ግን አልጠቀሰም።

*

ያደገችበት ቤት ላጲስ አይገባበትም ነበር። አንደኛ ክፍል ስትገባ ከትምህርት ቤት የተሰጣትን አባቷ ተቀብሎ ገለበጠው፣ አገላበጠው፣ ከቁም ሳጥኑ በላይ እንደ መርዝ አስቀመጠው።

«ስህተት አይጠፋም» አላት። «በአንድ መስመር ትሰርዢዋለሽ። ከሥሩ ያለው መነበብ አለበት። ትክክለኛውን ከጎኑ ትጽፊያለሽ፤ ቀኑን ታደርጊና ትፈርሚያለሽ።»

እንዲህ ሆኖ በስድስት ዓመቷ ፊርማ ነበራት። አስተማሪዋ «ደብተርሽ ለምን ይዝረከረካል?» ብላ ማርክ ስትቀንስባት እያለቀሰች ቤት ገባች፤ አባቷ ደብተሩን አይቶ «እንዲህ ያለ ንጹሕ ደብተር አይቼ አላውቅም» አለ። ከሁለቱ ማንን እንደምታምን ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጅቶባታል።

የጓዳው በር መቃን ላይ ቁመቷ ተቀርጿል። በየዓመቱ ሁለት ምልክት አለ። መጀመሪያ አባቷ ይለካል፤ ከዚያ ምልክቱን በካርድ ሸፍኖ እርሳሱን ለእናቷ ይሰጣታል። ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር ካየ ዓይኑ ይጎተታል ባይ ነው። በላብራቶሪው ደንብ ማንኛውም ውጤት ሁለት አንባቢ አለው፤ ደንቡንም ቀን ሙሉ ሲሠራበት ውሎ ማታ ከካፖርቱ ጋር ቤት ይዞት ይገባል።

«ሌላው ልጅ አንድ ቁመት አለው» ትል ነበር እናቷ። «የኔ ልጅ በየዓመቱ ሁለት።»

የሥራ ባልደረቦቹ ጋሽ ሚሊ ይሉታል፤ ሚሊሜትር ለማለት ረዝሞባቸው።

*

በአራተኛው ቀን አንዲት ሴት ጥቁር ሹራብ ለብሳ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ብብቷ ሥር ይዛ መጣች። ላብራቶሪው ውስጥ ሁለተኛዋ ይሏታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የመምህርቷ አባት ያነበበውን ሁሉ ደግማ ያነበበች፣ ከፊርማው ቀጥሎ የፈረመች እሷ ናት።

አልቅሳ ስትጨርስ መምህርቷን በዓይኗ ጠርታ ወደ ጓዳ ገባች። እናትየዋም ተከተለች፤ አጎትየውም ማንም ሳይጠራቸው ተከተሉ። ከጋዜጣው ውስጥ ጠንካራ ሽፋን ያለው አረንጓዴ ደብተር ወጣ። ሽፋኑ ላይ በአባቷ ቀጥ ያለ ጽሕፈት «የግል። በምሳ ሰዓት ብቻ» ተብሏል።

«ጋሼ አራት ዓመት ምሳቸውን ያልበሉት በዚህ ነው» አለች ሁለተኛዋ።

«የምቋጥርለትን ታዲያ?» አለች እናትየዋ።

ሁለተኛዋ መሬት መሬት አየች። «እኔ ነኝ የበላሁት።»

መምህርቷ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች። ገጹ የተጣሉበትን ቀን ይዟል።

ያን ቀን ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ የመጣችበት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ስለ ሥራዋ ጠየቋት፤ መድኃኒት ስለለመዱ ባክቴሪያዎች ነገረቻቸው። ዝግመተ ለውጥን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ይኸው ነው አለች። አባቷ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«አልተለወጡም» አለ። «መድኃኒቱን የሚችሉት ድሮም መሃላቸው ነበሩ። ሌላው ሲሞት እነሱ ተረፉ። ይሄ ምርጫ ነው እንጂ አዲስ ነገር አይደለም።»

«አባዬ፣ አዲስም ይፈጠራል። ይሄ ያለቀ ጉዳይ ነው።»

«እሺ፤ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንቺ ተሳስተሽ ቢሆን በምን ታውቂያለሽ? ምን ብታዪ ነው ሐሳብሽን የምትቀይሪው?»

ጥያቄው ወጥመድ መሰላት። አጎቷ ኳስ ሜዳ እንዳለ ሰው ወንበራቸውን ወደፊት ስበዋል።

«ምንም» አለች።

«የኔን ግን የሚቀይረው አለ» አለ አባቷ ቀስ ብሎ። «ከአንዲት፣ ከአንዲት ብቻ ብትጀምሪና...»

አላስጨረሰችውም። ያንን ቃል የተናገረችው ያኔ ነው። አጎቷ አጨበጨቡ፤ ለማን እንዳጨበጨቡ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ በስልክ የሚወራው ስለ ጤናና ስለ ውሃ ሆነ። ውሃ መጣ? መጥቷል። እግርህስ? ደህና ነው። በይ ደህና ሁኚ።

ደብተሩ ላይ ግን ንግግሩ አልተቋረጠም። ገጹ እንዲህ ይላል፦

«ጥያቄ፦ አንድ ሰው መሳሳቱን በምን ያውቃል? የኔ መልስ፦ ከአንዲት ባክቴሪያ ብቻ ከተራባው ዘር ላይ መድኃኒቱን የሚችል ከወጣ፣ ‹ድሮም ነበረ› ያልኩት ተሳስቷል። የልጄ መልስ፦ ምንም።»

ከሥሩ ቀንና ፊርማ አለ። ቁጣ የለበትም፤ ወቀሳም የለበትም። የሙቀት መጠን እንደሚመዘገብ ነው የተመዘገበችው።

«ምንድን ነው የሚለው?» አሉ አጎቷ፣ በትከሻዋ ላይ እያጮለቁ።

ሁለተኛዋ አስረዳች። ሳህን ላይ ባክቴሪያ ይዘራል። መሃሉ ላይ መድኃኒት የነካ ክብ ወረቀት ይደረጋል። መድኃኒቱ ከሠራ በወረቀቱ ዙሪያ ያለው ይሞትና ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። ባክቴሪያው መድኃኒቱን ከቻለ ቀለበቱ ይጠብባል። ጋሽ ሚሊ ሰው የማያሳምም ዓይነት መርጠው፣ ከአንዲት ጀምረው አራቡ። ግማሹን በየቀኑ መድኃኒት በትንሽ በትንሹ አቀመሱት፤ ግማሹን ለማነጻጸሪያ ብለው ምንም ሳይነኩ ተዉት። በየሳምንቱ ቀለበቱን መለካት ነው እንግዲህ።

«ለማንም አልተናገረም?» አለች መምህርቷ።

«ለእኔ ብቻ። ‹ልጄን ላሳፍር ነው› ብለው ነበር የጀመሩት፣ መጀመሪያ ላይ።»

*

አምስተኛውን ቀን ደብተሩን ስታነብ ዋለች። እንግዳ ሲመጣ ዘግታ ትነሳለች፣ እንግዳ ሲቀመጥ ትመለሳለች።

የመጀመሪያው ሙከራ በአሥራ አንደኛው ሳምንት ተቋርጧል። «የእኔ ስህተት። ክዳኑ ክፍት ሳለ አስነጠሰኝ። ተጥሏል። እንደገና ከአንድ።» መምህርቷ ሳታስበው ሳቀች፤ ሐዘንተኞቹ ዞር አሉ፤ እናቷ «ተዉአት፣ ከአባቷ ጋር ናት» አለቻቸው።

በሁለተኛው ሙከራ ቁጥሮቹ መውረድ ጀመሩ። ያልተነካው ዘር ቀለበት ሃያ አራት ሚሊ ላይ እንደ ቆመ ነው። መድኃኒት የቀመሰው ግን ሃያ ሁለት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት። አባቷ አላመነም፤ «መድኃኒቱ አርጅቶ ይሆናል» ብሎ አዲስ አስመጣ። አሥራ አራት። «ማስመሪያው ተበልቶ ይሆናል» ብሎ ማስመሪያውን በሌላ ማስመሪያ ለካ። ማስመሪያው ደህና ነው። ያን ሁሉ አፍርሶ ለሦስተኛ ጊዜ ከአንዲት ጀመረ። እንደገና ወረደ።

እዚህ ላይ መምህርቷ ማንበብ አቆመች። ደብተሩን የሚያውቀው እሱና ሁለተኛዋ ብቻ ናቸው። ለጠላት ሆኖ የመጣ ቁጥር ነው፤ አንዱን ገጽ ቢቀድ፣ አንዱን አሥራ አራት ሃያ አራት ቢያደርገው ማን ያየዋል? አንድም ቦታ አልደለዘም። ከመጨረሻው ገጽ በፊት ያለው ገጽ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦

«‹ድሮም ነበሩ› ማለቴ ስህተት ነበር። በእጄ ላይ ተለወጡ። ይህን ለልጄ መንገር አለብኝ። ዓሣ ሰው ሆነ የሚለውን ግን ገና አላመንኩም።» «ገና» ከሚለው ቃል ሥር በማስመሪያ ተሰምሮበታል።

ማታ፣ እንግዳው ሲቀል፣ ገጹን ለአጎቷ አነበበችላቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ራሳቸው አነበቡት።

«ማነው ተሳስቻለሁ ያለው? ወንድሜ?»

«ፊርማውን እዩት።»

«ፊርማውማ የሱ ነው።» ዓይናቸው ወደሌለው መስታወት ሄዶ ተመለሰ። «ታዲያ አመነ ወይስ አላመነም?»

«የለካውን አመነ፤ ያልለካውን ጠበቀ» አለች መምህርቷ። ወዲያው ደግሞ ንዴት ያዛት፤ አባቷ ካረፈ ወዲህ ሙት ላይ መናደድ የመጀመሪያዋ ነው። «ግን እኮ ሌላውን ሌሎች ሰዎች ለክተውታል! አጥንቱን፣ ድንጋዩን፣ ዘረ-መሉን፣ በስንት ማስመሪያ። የሰው ማስመሪያ አያምንም ነበር። መጽሐፉን ላምጣልህ ብለው ኖሮ...»

«ብለሽው ነበር?» አለች እናቷ።

መምህርቷ መጽሐፍ ላምጣልህ ብላው አታውቅም። «ምንም» ብላ በሩን ዘግታ ሄዳለች። እሱ ከውጭ ቆሞ አራት ዓመት በማስመሪያ ሲያንኳኳ ነበር።

«እንዲህ ያለውን ሰው ታዲያ ከማን ወገን እናስቀምጠው?» አሉ አጎቷ፣ ከልባቸው ተቸግረው።

«መሃል ነዋ» አለች እናቷ። «አልጋ ላይም መሃል ነበር የሚተኛው።»

የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ በታችኛው መስመር፣ አንድ ቁጥር በካርድ ተሸፍኖ በወረቀት መቆንጠጫ ተይዟል። አጎቷ ጣታቸውን ላኩ።

«እንዳይነኩት!» አለች መምህርቷ፤ እጃቸውን ቸብ አደረገች። ሁለተኛዋ አስጠንቅቃታለች፦ ያረፉበት ቀን ያነበቡት ሳህን ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ፤ ከላብራቶሪ አይወጣም። የሁለተኛ አንባቢ ዓምድ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ባዶ ነው። «ላንብብልዎት ስላቸው እምቢ አሉኝ» ብላታለች። «‹ይሄ ባለቤት አለው› አሉ። ሰኞ ሊደውሉልሽ ነበር። ምን ብዬ ልጀምር ሲሉኝ፣ ‹ውሃ መጣ?› ብለው ይጀምሩ አልኳቸው።»

*

በሰባተኛው ቀን ጠዋት መምህርቷ ወደ ላብራቶሪው ሄደች። አጎቷ ብቻዋን አትሄድም ብለው አብረው መጡ። በሩ ላይ ነጭ ካፖርት አልበሷቸው፤ እጅጌው ክርናቸው ላይ ቀረ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ የሰው መኪና ውስጥ እንደተቀመጠ ሾፌር ሁሉንም ነገር በጥርጣሬ ያዩ ጀመር።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ሁለት አጉሊ መነጽር፣ አንድ የሚያጉረመርም ማቀዝቀዣ፣ በመስኮቱ በኩል የአባቷ ወንበር። ወንበሩ ላይ ማንም አልተቀመጠበትም። ሁለተኛዋ ሳህኑን አውጥታ፣ ሳትከፍተው፣ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጋ ጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀመጠችው። ከጎኑ ማስመሪያውን አደረገች። የብረት ማስመሪያ ነው፤ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀለሙ ለቋል።

«ቁጭ በይ» አለች ሁለተኛዋ።

«እዚያ ላይ?»

«ቆሞ የሚነበብ ነገር የለም። ደንብ ነው።»

ተቀመጠች። አውራ ጣቷን ቀለሙ የለቀቀበት ላይ አሳረፈች። ቀለበቱ ትንሽ ነው፤ ወረቀቱን ታክኮ የሚሄድ ቀጭን ጥርት ያለ ክር። ዓይኗ እንባ አቀረረና ቀለበቱ ሁለት ሆነባት። ጠረገችው። እንደገና ለካች። ከሌላ አቅጣጫ ለካች።

«ዘጠኝ» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ዘጠኝ።»

ሁለተኛዋ መቆንጠጫውን ፈታች፤ ካርዱ ተነሳ። አባቷ «8» ብሏል።

አጎቷ ከበሩ ዘልቀው መጡ። «ማነው ልክ?»

«ሁለቱም» አለች ሁለተኛዋ። «እስከ አንድ ሚሊ ድረስ መለያየት ይፈቀዳል። ሁለት ዓይን ነው እኮ። ሁለቱም ቁጥር ይጻፋል፣ ሁለቱም ሰው ይፈርማል። የሚያሳስበንስ ሁሌ አንድ ዓይነት ብታነቡ ነበር፤ አንዳችሁ ሳያይ ፈርሟል ማለት ነው።»

መምህርቷ በባዶው ዓምድ ላይ «9» ጻፈች፣ ፈረመች። ከዚያ ከቦርሳዋ የሕይወት ታሪኩን ወረቀት አውጥታ፣ አምስተኛው መስመር ላይ ያቋረጠችውን ዓረፍተ ነገር እዚያው ወንበር ላይ ጨረሰችው። ለአጎቷም ጮክ ብላ አነበበችላቸው፦

«የሳይንስ ሰው ነበር። ብዙዎቻችን የተቀበልነውን ተጠራጠረ፤ ግማሹን ለክቶ መሳሳቱን በራሱ እጅ ጻፈ፤ የቀረውን ለመለካት ዕድሜ አልበቃውም። በመጠራጠሩ የሳይንስ ጠላት ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ማስመሪያ እንኳ አላነሳሁም ነበር።»

አጎቷ የካፖርቱን እጅጌ ወደ ታች ሳቡት፤ አልወረደም።

«ጥሩ ነው» አሉ። «የዝንጀሮውን ነገር እንግዲያው ተዪው።» ትንሽ አሰቡ። «ካልሆነም መጨረሻ ላይ አድርጊው።»

መምህርቷ ሳቀች፤ ሁለተኛዋም ሳቀች። ማቀዝቀዣው አጉረመረመና ዝም አለ። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሰው ይሞላል፤ የክፍል ኃላፊዋም ይመጣል፤ ይስማው።

ደብተሩን ከመመለሷ በፊት ግን ወደ መጀመሪያው ገጽ ገለጠች። «የልጄ መልስ፦ ምንም» ይላል። ማስመሪያውን አስጠግታ፣ «ምንም» የሚለውን በአንድ ቀጭን መስመር ሰረዘችው፤ ከሥሩ እንዲነበብ። ከጎኑ በትንንሹ ጻፈች፦ «የሰውና የዝንጀሮ ዘረ-መል ጎን ለጎን ሲነበብ፣ የዝንጀሮና የዓሣ ዘረ-መል ከሚቀራረበው በላይ ባይቀራረብ ሐሳቤን እቀይራለሁ። መጽሐፉን አመጣልሃለሁ።»

ቀኑን አደረገች። በስድስት ዓመቷ ባስተማራት ፊርማ ፈረመች።